ጋሼ የሚያስታጥቡበት ጆግ

ታላቅ ወንድሜ ቢቸና ውስጥ የታወቁ ሀብታም የእህል ነጋዴ ነበሩ። ሞጣ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ጃዝ የሚጫወቱት ወዳጆቻቸው ለምሳ ሲመጡ፣ ቤት ሙሉ ሰው እያለ ጆጉን ራሳቸው ይዘው ያስታጥቧቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ለአዝማሪ ይጎነብሳሉ?» ስላቸው፣

«አንተ ደረቅ፣ ገበያ ላይ የሌባውን ሁሉ እጅ ትጨብጥ የለ? የነዚህ እጅ ምን አደረገህ?» ይሉኝ ነበር።

ጋሼ ሞተው፣ በአርባቸው ዕለት ሙዚቀኞቹ መጡ። እኔ በር ሥር አስቀመጥኳቸው፤ እንግዳውን ሁሉ አስታጥቤ እነሱን ዘለልኳቸው። ሳክስፎን ነፊው ብድግ ብሎ ጆጉን ከእጄ ተቀበለኝና ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ እርስዎስ አልታጠቡም። ይታጠቡ።»

አገር እያየኝ ታጠብኩ። እነሱ ሳይቀምሱ ሄዱ።

ሞጣ ድረስ ሁለት ጊዜ ሰው ላክሁባቸው፤ አልመጡም። ጋሼ፣ አፍሬያለሁ። ጆጉን ይዣለሁ፤ እጁን የሚዘረጋልኝ ግን የለም።