የዘገየው አፌ

እናቴ ዘፈኔን ሰምታ አታውቅም ነበር። እኔ ሳልወለድ ማጅራት ገትር ጆሮዋን ወስዶባታል። የሰው ከንፈር እያየች ወሬ ትከታተላለች፤ የእኔን ግን አልቻለችበትም። "አንቺ ልጅ፣ መትረየስ ነሽ እንዴ? ቀስ በይ!" ትለኛለች፣ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው እየጮኸች። እኔ ደግሞ ስፈጠርም ቸኩዬ ነው፣ ምን ላድርግ!

በደርግ ጊዜ ሲግናል አካባቢ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ እዘፍን ነበር። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ሊቀርጻችሁ ነው ተባልን። ጓደኞቼ ስለ ልብሳቸው ሲጨነቁ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፊቴ ስክሪኑን ሞልቶ ብታየኝ፣ እናቴ ምን ብዬ እንደምዘፍን ታውቅልኛለች።

በላንድሮቨር ተጭነን እንጦጦ ወጣን። የዚያን ጊዜ አሠራር እንዲህ ነው፤ ዘፈኑ ቀድሞ ይቀዳል፣ ባህር ዛፉ መሀል ቴፕ ይከፈታል፣ ዘፋኙ አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ ይቀረጻል። ምስሉና ድምፁ የሚጋጠሙት በኋላ ቢሮ ነው። ቀራጩ ጸጉራቸው የሸበተ ቁጡ ሰው ነበሩ። ጭፈራውን ከቅርብም ከሩቅም ሲያነሱ ዋሉና የእኔ ተራ ሲደርስ የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደከመ። አወጣነው፣ በጥርሳችን ነከስነው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። መልሰን ስንከተው ዘፈኑ እንደታመመ ሰው እየተጎተተ ወጣ። አፌም አብሮት ተጎተተ።

ሰውዬው ካሜራቸውን አወረዱና ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይሆንም። ትክክለኛው ድምፅ ሲገባበት አፍሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሰው ይስቅብሻል። ፊልሙም አልቋል፣ ድጋሚ የለም። ፊትሽን አውጥቼ በጓደኞችሽ እግርና በዛፉ እሞላዋለሁ።"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። "ጋሼ፣ በእናትዎ! እናቴ ጆሮዋ አይሰማም። ዘፈኔን የምታገኘው ከፊቴ ብቻ ነው። ሰው ይሳቅ፣ እኔ ምን ገዶኝ!"

ትንሽ አዩኝና "አለቃዬ ሲቆጣኝ አንቺ ትመልሺለታለሽ?" አሉኝ። ከዚያ ካሜራቸውን ሸክፈው ላንድሮቨሩ ላይ ወጡ።

ዘፈናችን በቴሌቪዥን የተላለፈ ዕለት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። እናቴን ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳት። ጭፈራው አለፈ፣ ዛፉ አለፈ። አወጡት ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ፊቴ መጣ፤ ከአገጭ እስከ ግንባር! አላወጡትም! እኚያን ሰው ዛሬም ሳልመርቃቸው አልተኛም፤ ስለ እኔ ስንት ቁጣ እንደዋጡ እሳቸው ያውቃሉ።

ድምፄ ቀድሞ ይሄዳል፣ አፌ እያዘገመ ይከተላል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "ኧረ አፏን ቀስቅሷት!" አለ አንዱ። ምን ገዶኝ ያልኩት ሴትዮ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘወር ብዬ እናቴን አየኋት። አንገቷን አስግጋለች፤ ከንፈሯ ከከንፈሬ ጋር ቃል በቃል ይንቀሳቀሳል፣ አንድም አልሳተችም። ዕድሜ ልኳን ቀስ በይ ስትለኝ ኖራ፣ ቀስ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከፊቷ የተቀመጠው ሰው ከሳቁ ብዛት ተነስቶ ጋረዳት። ብድግ አለችና በዚያ ጩኸቷ "ተቀመጥ እንጂ! ልጄን ልስማት!" አለችው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እናቴ እንደማትሰማ የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። ዘፈኑ ሲያልቅ አፌ ገና አንድ ቃል ይቀረው ነበር። ያቺን ቃል እናቴ ጮክ ብላ ተናገረችልኝ።