ሁለት ጊዜ የተሸኘው ጀማሉዲን

ጀማሉዲን የጎንደር፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። አባቱ ሲሞት የስፌት ማኪናውንና ደንበኞቹን ወረሰ። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው ነገ የሚሰፋውን ሱሪ ዛሬ ያውቀዋል፤ የከነገ ወዲያውንም እንዲሁ።

በ፲፱፻፶ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ሾፌር ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገዛውን ኮት «እጅጌውን አሳጥርልኝ» ብሎ አመጣለት። ጀማሉዲን ገበሩን ገልብጦ ትከሻውን ቢያየው፣ ቢዳብሰው፣ እንዴት እንደተሠራ ሊገባው አልቻለም። እጅጌውን አሳጠረ፤ ልቡ ግን ከኮቱ ጋር ሄደ።

«እማ፣ ሱዳን ልሄድ ነው» አላት እናቱን ሐዲጃን።

«ምነው? ምን ጎደለብህ?»

«ምንም። የጎደለኝ ቢኖርማ እዚሁ እፈልገው ነበር።»

«ሱዳን ምድጃ ነው ይላሉ። በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብሰው ምን የነካው ነው?»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ቢሆንም ስንቅ አዘጋጀች። የመንገዱ ቀን እስላሙም ክርስቲያኑም ሊሸኘው ወጣ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፤ ጎረቤታቸው እትዬ ታየች ዳቦ ቆሎ አሸከሙት፤ እናቱ አለቀሰች። የተሳፈረበት የጭነት ማኪና አዘዞ ሲደርስ ተሰበረና ጀማሉዲን ለእራት ቤቱ ገባ። ዳቦ ቆሎውን ከሸኚዎቹ ጋር ጨረሰው።

በሳምንቱ እንደገና ተሸኘ፤ እናቱም እንደገና አለቀሰች። አሁን ማኪናው ምንም አልሆነም። አይከል ላይ ለምሳ ሲቆሙ ግን የእናቱ ፊት ድቅን አለበት፤ ዕቃውን አውርዶ ወደ ጎንደር በሚመለስ ማኪና ተሳፈረ። ለምን እንደተመለሰ ለጠየቀው ሁሉ «ሆዴን አሞኝ» አለ።

እትዬ ታየች በአጥር ብቅ ብለው «ሱዳን እንዴት ከረመች፣ ጀማል?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ሱዳኔው» ይለው ጀመር። እሱም አብሮ ይስቃል፤ በዚያ ሳምንት ግን ሦስት መርፌ ሰበረ።

አንድ ቀን እናቱ መጥታ የስፌት ማኪናው አጠገብ ተቀመጠች።

«ሆድህን አላመመህም።»

አጎንብሶ ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባት ያዘ።

«ለእኔ ብለህ ነው የተመለስከው። ስማኝ፤ ሁለት ጊዜ አልቅሼልሃለሁ፤ ለሦስተኛ የሚሆን እንባ የለኝም። ሂድ! ማኪናውን እህትህ ራቢዓ ትይዘዋለች፤ እሷ እንዲያውም ካንተ ቀጥ አድርጋ ትሰፋለች።»

ቀና ብሎ ቢያያት እውነትም ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ከንፈሯ ላይ ሳቅ ቢጤ አለ።

ማክሰኞ ማለዳ ያለ ሸኚ ወጣ። እትዬ ታየች ደጃቸውን ሲጠርጉ አዩት።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ገዳሪፍ።»

«እንግዲያስ ለምሳ ስትመለስ ሽንኩርት ይዘህልኝ ና!»

አዘዞ እስኪደርስ ብቻውን ሳቀ። አይከል ላይ ከማኪናው አልወረደም።

ገዳሪፍ ሐጅ ባቢክር የሚባሉ ልብስ ሰፊ ተቀበሉት፤ ተቀብለውም መጥረጊያ ሰጡት። ወር ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠረገ። የኮት ትከሻ የነካው በአምስተኛው ወር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኮቱ አንዱ ትከሻ ከፍ ብሎ ወጣ። «ይህን የሚለብስ የተንጋደደ ሰው እንፈልጋለን» ብለው ሐጁ ሳቁ። ሁለተኛው ሸጋ ሆነ።

ኋላ ሲያወራ ግን የሚያነሳው ኮቱን ሳይሆን ገዳሪፍ የዋለበትን የመጀመሪያውን ዓርብ ነው። ከሶላት ወጥቶ በገበያው ተንሸራሸረ። በስሙ የሚጠራው የለም፤ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው የለም። መጀመሪያ ጭር አለበት። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሀብሀብ ገዛና መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ፣ ጭማቂው በክርኑ እየወረደ፣ ፍሬውን እየተፋ ግማሹን በላ። ጎንደር ቢሆን ገና ሳይጨርሰው ወሬው እናቱ ዘንድ በደረሰ ነበር። እዚህ ቆሞ ያየው አንድ ግመል ብቻ ነው፤ ልጣጩን ሰጠው።