የጦር ሰፈሩ ቡድን የተረታበት ገና

ታኅሣሥ 29 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቡሬ በነበረው የጣሊያን ጦር ሰፈር ሜዳ ወንድሜ በእግር ኳስ ግብ አገባ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ተማሪዎቼ የኳሳቸውን ቆዳ ሞራ ሲቀቡ፣ ሽታው ወደዚያች ሰዓት መለሰኝ።

የጦር ሰፈሩ ቡድን በዚያ በጋ ያልረታው አልነበረም። ለበዓሉ የእኛን ጎረምሶች ጋብዞ ተረታ። በገና ልማዳችን ረቺ ተረቺውን፣ ጌታም ቢሆን፣ በግጥም ይሰድባል። አውራጁ ወንድሜ ነበር፦

«ባለ ሚስማር ጫማ አጥልቀህ ብትገባ፣
በባዶ እግር ልጅ ሆንህልን ገለባ!»

ጣሊያናዊው አዛዥ ፊቱ ቀላ። «ምን እያለ ነው?» ብሎ አስተርጓሚውን ጠየቀው። አስተርጓሚው በላብ ተጠመቀ፤ ስድብ እንደሚያስገርፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያን ጊዜ አያቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀረቡ።

«እንዳለ ንገረው፣ ልጄ» አሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ በለው። ከተቆጣ ግን ጌታ አይደለማ!»

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። አዛዡ ሲተረጎምለት በጣቱ ወንድሜን አመለከተ፦ «ከነገ ጀምሮ ለእኔ ቡድን ይጫወታል።»

በማግስቱ ማለዳ፣ ወታደር የቡድኑን መለያ ልብስ ይዞ ሳይደርስ፣ ወንድሜ አያቴ ደብቀው ያኖሩትን ጠመንጃ ይዞ ለጣሊያን ከመጫወት ይልቅ ወደ አርበኞቹ እንዲሄድ በዚያው ሌሊት ቤታችን ውስጥ ተወሰነ።