የሊማሊሞ ካሴት

«አንቺ ደግሞ ከሙዚቃው ራቂ! የአባትሽን ካሴት አጥፍተሽ ጭፈራ ያስጣልሽው አይበቃሽም?» አለችኝ አክስቴ ጥሩወርቅ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

የታናሽ እህቴ መልስ ነበር፤ ደባርቅ፣ አባቴ ግቢ፣ ዳስ ውስጥ። እኔ ስፒከሩ ሥር ተንበርክኬ ገመድ አገናኛለሁ። የሙሽራው ዘመዶች ሳቁ። የእኛዎቹም ሳቁ። ይሄ ቀልድ ቤታችን ድግስ በተደገሰ ቁጥር ይቀርባል፤ ከወጡ ቀድሞ ነው የሚመጣው። እስከዛሬ አንገቴን ደፍቼ አብሬ እስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። እሱም እየሳቀ ነበር።

ልጅ እያለሁ አባቴ የቱሪስት ምግብ አብሳይ፣ ኩክ ነበር። የስሜንን ተራራ ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች በበቅሎ ድስት አስጭኖ ሳንቃ በርና ጨነቅ ድረስ ይሄዳል፣ ሳምንት ሰንብቶ ይመለሳል። ሲመጣ የላምባ፣ የነጭ ሽንኩርትና የበቅሎ ላብ ሽታ ባንድ ላይ ይዞ ይገባል። ዛሬም የሆነ ቦታ ላምባ ከሸተተኝ እሱ የገባ መስሎኝ ወደ በሩ እዞራለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ንድድ እላለሁ።

የመጀመሪያውን ካሴት የሰጠው በየዓመቱ ዋልያ ሊቆጥር የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ሽማግሌው ብርዱ ሲጠናበት ቴፑን ከፍቶ ሣሩ ላይ ብቻውን ይጨፍር ነበር አሉ። አባቴ እግሩን ሲያይ ወጡ አረረበት። ከዚያ በኋላ ሙዚቃው ለከፈው። ያገኘውን ቱሪስት ሁሉ «ያ ጥሩምባ የበዛበት፣ የድሮው የጭፈራ ሙዚቃ አለህ?» ይላል፤ እንግሊዝኛው ሲያልቅበት በአፉ ጥሩምባ እየነፋ፣ በእግሩ እየረገጠ ያስረዳል። የሚሰጠው ከተገኘ ይወስዳል፤ ካልተገኘ የራሱን ቴፕ ከፈረንጁ ቴፕ ጋር አፍ ላፍ አግጥሞ እዚያው ድንኳን በር ላይ ይቀዳል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ካሴት ላይ ከጥሩምባው ኋላ በቅሎ ስታናፋ የሚሰማው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሠላሳ አንድ ካሴት ነበረን።

በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ አይችልም። እሱ እያንዳንዱ ካሴት ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጥፍና በእስክሪፕቶ «ሽቅብ»፣ «ሜዳ»፣ «ቁልቁል» ብሎ ይጽፋል። ከባዱ፣ ቀስ እያለ የሚጎትተው ሽቅብ ነው። ልብን ደልደል የሚያደርገው ሜዳ። እግር የሚያስጥለው ፈጣኑ ቁልቁል። ከሁሉም ለይቶ የሚወደውን ግን በስም ጠራው፤ «ሊማሊሞ» አለው። ያንን ጠመዝማዛ መንገድ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ሙዚቃው እየዞረ፣ እየዞረ፣ እየከበደ ይወጣና አናቱ ላይ ሲደርስ ጥሩምባው ሁሉ ባንዴ ይፈነዳል። ካሴት ሁሉ ቤት እንደ ገባ ከጀርባው ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርስ የሚያካክሉ ፕላስቲኮች በቢላ ጫፍ ይሰብራቸዋል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እንደማሰር ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ አግዳሚውን ወደ ግድግዳ ይገፋዋል። ሊሾው በካልሲ ያንሸራትታል። «ነይ ትርንጎ» ይልና መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ያቀርብልኛል፤ በቅሎ ጨው ሲያልስ እንደሚዘረጋው። እግሬን እግሩ ላይ አቆማለሁ። «ሽቅብ ነው፣ ክብደትሽን ወደ ፊት!» ይለኛል። «አሁን ቁልቁል፣ ጉልበትሽን ልቀቂ፣ አትገትሪው!» ተራራ መሄድ የሚያስተምረኝ ይመስላል፤ ግን እየበረርኩ ነበር። የጎረቤት ልጆች መስኮቱ ላይ ተደራርበው ይሥቁብናል። እኛ አገር የሚጨፍረው ትከሻ ነው፤ እግር የሚፈለገው ለመሄድ ነው። እኔ ግን ሰኞ ሰኞ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ እንኳ እግሬ አያርፍም፤ ባንዲራ እየተሰቀለ ስንቀጠቀጥ የሰልፍ አስተማሪው በቀጭን አርጩሜ ቁርጭምጭሚቴን ነካ ያደርጉኝ ነበር።

የሆነው በጥምቀት ሳምንት ነው። የአባቴ ጓደኞች፣ የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ጋሽ አዱኛና ሁለት ባለ በቅሎዎች፣ ቤት መጡ። ጠላ ቀረበ። «መኩ፣ እስቲ ሊማሊሞን አሰማና!» አሉት። አባቴ ሲያቅማማ ጋሽ አዱኛ ራሱ ካሴቱን አንስቶ ከተተው። ሽሽሽ አለ፣ ከዚያ የጥሩምባው ቦታ ላይ አንድ ሰው «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ መስበክ ጀመረ። ሰዎቹ ጠላቸው እስኪደፋ ሳቁ። «ፈረንጁ ተጠመቀ!» አለ አንዱ። አባቴ ተንደርድሮ አጠፋው። ፊቱ ቀልቶ ነበር። ቤቱን ዙሪያውን ቃኘና እኔ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

«ትርንጎ፣ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ነክተሻል?»

ነክቻለሁ። ከገና በፊት አንድ ቀን ተጭኜው ነበር፤ አልወርድም ብሎኝ ለቀቅኩት። «አዎ» አልኩ።

«አያችሁ» አላቸው ለሰዎቹ። «ከሬድዮ ቀድታበታለች።»

ምርጥ ምርጦቹ ስድስት ካሴቶች እንደዚያው ሆነው ተገኙ። አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ካሴቶቹን በካርቶን አድርጎ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀላቸውና አግዳሚው ከዚያ በኋላ ከቦታው አልተነሣም። አንድ እሑድ ካልሲዬን አጥልቄ ፊቱ ቆምኩ። «ሂጂ ጥናትሽን አጥኚ» አለኝ፣ ሳያየኝ።

እንግዲህ እኔ አጥፊ ሆንኩ። ድስት ቢያር ትርንጎ፣ መብራት ቢጠፋ «ትርንጎ ነካክታው ይሆናል»። ከሁሉ የሚከፋው ማመኔ ነው። ጣቴ የአባቴን እግር እንዳሰረ አምኜ አደግኩ። አሥረኛ ክፍል ስደርስ ያ ሙዚቃ ስዊንግ እንደሚባል ከአንድ ጋይድ ሰማሁና ለቀማ ጀመርኩ። ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑት ልጆች «ትርንጎ፣ የሙታን ዘፈን ፈላጊዋ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ኔትወርክ በመጣ ቁጥር አንድም ሁለትም አወርዳለሁ። ሎጅ በር ላይ ቆሜ ሸበቶ ቱሪስት ሳይ ሊማሊሞን በአፌ አዜምለታለሁ፣ «ይሄን ታውቀዋለህ?» እላለሁ። እብድ የመሰልኳቸው አሉ። አንዷ አሮጊት አብራኝ መንገድ ላይ ጨፈረች፣ ስሙን ግን አላወቀችውም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዳባት ስልክና ቴፕ የሚጠገንበት ሱቅ ተቀጠርኩ፤ ለቀማው አልቆመም። የለቀምኩትን በያዝኩበት ፍላሽ ላይ ሦስት ፎልደር አለ፦ ሽቅብ፣ ሜዳ፣ ቁልቁል። የወጣትነቴ እሑድ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሊማሊሞ ብቻ የለበትም።

ከመልሱ ሦስት ሳምንት በፊት እናቴ ቤት ስታጸዳ «ይሄን ቆሻሻ ውሰጂልኝ» ብላ ካርቶኑንና ቴፑን ሰጠችኝ። አብዛኛው ካሴት የክረምቱ ዝናብ ገብቶበት ሻግቷል። ሱቅ ወስጄ የቴፑን ላስቲክ ቀየርኩ። ከዚያ ሊማሊሞን ሳገላብጠው፣ ጀርባው ላይ አባቴ በቢላ የሰበረው ቦታ በወረቀት ተጠቅጥቋል። ስድስቱም እንደዚያው። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ፦ ያ ፕላስቲክ ከተሰበረ ቀዩ ቁልፍ አይወርድም፤ ካሴቱ ላይ ለመቅዳት ቀዳዳውን መድፈን አለብህ። ለዚያ ነው ያኔ አልወርድም ያለኝ! የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሄን ከየት ታውቃለች? ወረቀቱን በካቻቢቴ ጫፍ አውጥቼ ዘረጋሁት። «ፓስታ፣ ቲማቲም፣ ዱቄት ወተት» ይላል። የአባቴ ጽሕፈት ነው።

ካሴቱን ከፍቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ማንም እስከዚህ ሰምቶት አያውቅም፤ ያኔ አባቴ ተንደርድሮ አጥፍቶታላ። የሬድዮ ስብከት አይደለም። ደባርቅ በመጣ ሰባኪ ጉባኤ ላይ የተቀዳ ነው፤ ሕዝቡ ሲያስል ይሰማል። «አሜን» ከተባለ በኋላ የነፍስ አባታችን ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የአባቴ። ከዚያ ቀጭ አለ፣ ከዚያም ስብከቱ ያልደረሰበት የካሴቱ ጫፍ ላይ፣ ሁለት ደቂቃ የምትሆን ሊማሊሞ። አለቀስኩ ብል ደስ ባለኝ። ያደረግኩት ካቻቢቴውን ግድግዳ ላይ መወርወር ነው።

እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ምን ነበረበት? ስብከቱን የሚቀዱበት ባዶ ካሴት ጠፍቶ ሲጠይቁት፣ ካህናቱ ፊት እንቢ ለማለት አፍሮ ይሆናል። ይገባኛል። ጓደኞቹ ሲሥቁበትም አፈረ፣ እሱም ይግባኝ። ግን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓይኑ የሚያርፍበት ፈልጎ እኔን አገኘኝ። ከዚያ ለመናገር ስንት እሑድ ነበረው!

የመልሱ ቀን ጠዋት «አባዬ፣ ብቻህን ላናግርህ» አልኩት። «ሙሽሮቹ ይሸኙ» አለኝ። ልጠብቅ ነበር፤ የእግዜር እውነት፣ ልጠብቅ ነበር። አክስቴ ያንን ስትል እሱ ባይሥቅ ኖሮ።

ፍላሹን ከስፒከሩ ነቀልኩ። ከቦርሳዬ ቴፑን አውጥቼ ገመዱን ሰካሁበት። ካሴቱ ቦታው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ተጫንኩት።

«…ለዓለመ ዓለም፣ አሜን።» ሕዝቡ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ከዚያ የነፍስ አባታችን፦ «መኳንንት፣ ካሴቱ ዘፈን ነበረበት አሉኝ። አልጎዳንህም?»

«ኧረ ምንም አይደል አባ! የፈረንጅ ጩኸት ነው፣ ይጥፋ። እኔው ራሴ ነኝ የደፈንኩት፤ ስድስት አምጥቻለሁ።»

ቀጭ። ጥሩምባዎቹ ዳሱን ሞሉት።

«ይሄ የማነው?» አለች አክስቴ፣ አንድ ጊዜ ስፒከሩን፣ አንድ ጊዜ ወንድሟን እያየች።

ጋሽ አዱኛ ብርሌውን አስቀመጠ። «መኩ፣ ያንተ ድምፅ አይደለም እንዴ?»

አባቴ ተነሣ። «ትርንጎ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ሰው ፊት?»

«እኔስ ሰው ፊት አልነበረም?»

ሙዚቃው እየዞረ፣ እየከበደ ሽቅብ ይወጣል። የግራ ጫማው ጫፍ መሬቱን መምታት ጀመረ፤ ያወቀው አይመስለኝም። ከዚያ በእንግዳው ሁሉ መካከል እስከ እኔ ድረስ መጣና እጁን ወደ ላይ ገልብጦ ዘረጋው፣ ልክ እንደ ድሮው። ድሮ ፊቱን ለማየት ሽቅብ ነበር የማንጋጥጠው። አሁን ቁመታችን እኩል ነው።

«ነይ» አለኝ።

ፍላሹን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ቦርሳዬን አነሣሁ፣ እህቴን ግንባሯን ሳምኳት፣ ከዳሱ ወጣሁ። ጥሩምባው ሁሉ ባንዴ የሚፈነዳበት ቦታ ሲደርስ አስፋልቱን እየተሻገርኩ ነበር። ሚኒባሱ ሞልቶ አንድ ሰው ይጠብቃል፤ ረዳቱ «ዳባት! ዳባት!» ይላል። ገባሁና በሩን ዘጋሁት።