አራተኛው ማን ነው?

ፖሊሶች ከቤተ ሙከራው ሲወስዱኝ ነጩን ጋዋን እንኳ አላወለቅሁም። የገባሁባት የእስር ክፍል ለስድስት ሰው የምትጠብ ነበረች፤ እኛ አሥራ አንድ ነበርን። በአርባ ምንጭ ሙቀት ግድግዳው ሲነኩት ያቃጥላል።

በማግስቱ መርማሪው ደብተሬን ገልጦ አነበበልኝ። «አራቱም ከአንድ ወገን ናቸው። ሦስቱ ተለይተዋል፤ አራተኛው ገና ነው።»

«አራተኛው ማን ነው?» አለኝ።

«ሰው አይደለም፤ ጄሊፊሽ ነው።» ከአባያ ዳር ካሉ ኩሬዎች የቀዳኋቸው፣ ሳንቲም የሚያህሉ የውሃ እንስሳት መሆናቸውን አስረዳሁት። ወገን የምንለውም የሚቀራረቡ ዝርያዎችን የምንመድብበት ስብስብ ነው አልኩት።

«አጥንት አለው?»

«የለውም።»

«አንጎልስ?»

«የለውም።»

«ልብ?»

«እሱም የለውም።»

«ትቀልዳለህ» አለ፤ አልጮኸም። ቃሌን ራሱ ጽፎ አቀረበልኝ። በአራተኛው ቦታ ማይክሮስኮፕ የምንጋራውን ባልደረባዬን ስም ሞልቶበታል። ሁለት ልጆች አሏት። «እስከ ነገ አስብበት። ከፈረምክ ትወጣለህ።»

ክፍላችን ውስጥ አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። በምን እንደታሰሩ እሳቸውም አያውቁም። የገጠመኝን ስነግራቸው ሳቁ።

«ያ ውሃ ውስጥ የሚከፈት፣ የሚዘጋ? እሱን እኛ እናውቃለን። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከዳሩ የተንጠለጠለው ክር ሁሉ እኩል ነው። አንዱ ረጅምም አጭርም አለው።»

የሦስቱ ዝርያዎች ክር እኩል ነበር። የአራተኛው ግን ረጅምም አጭርም ነበርና፣ ያላደገ የሦስተኛው ልጅ ይሆናል ብዬ ተጠራጥሬ ነበር።

«ጋሼ፣ ትልቁም ክሩ እንደዚያ ነው?»

«ትልቁም፣ ትንሹም። እንደዚያው ተወልዶ እንደዚያው ያረጃል፣ መምህር።»

ላብ በላብ እንደሆንሁ ተነሥቼ ግንባራቸውን ሳምኋቸው።

በነጋታው ብዕሩን ተቀበልሁ። የባልደረባዬን ስም ሰረዝሁና በላዩ «ጄሊፊሽ። ክሩ ረጅምና አጭር፤ ከሦስቱ የተለየ ዝርያ» ብዬ ጻፍሁ። ሥዕሉን ጎኑ ላይ ሣልሁ። ከሥሩ ፈረምሁ።

«እኔ የምፈርመው ይህን ነው።»

መርማሪው ወረቀቱን ተቀበለኝ። ከዚያ ወደ ክፍሌ መለሰኝ። ሳምንታት ቆይቼ ያለ ክስ ተለቀቅሁ። ባልደረባዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ የነካት አልነበረም። የዚያኑ ዕለት አራተኛውን አብረን ማይክሮስኮፑ ሥር አየነው፤ ሽማግሌው እንዳሉት ነው።

ዛሬ ዝርያው የራሱ ስም አለው። ተማሪዎቼ ልዩነቱን ማን እንዳገኘው ሲጠይቁኝ፣ «አንድ ዓሣ አጥማጅ ነገሩኝ፤ እኛ አረጋገጥን» እላለሁ። የት እንደነገሩኝ ለሚጠይቀኝም አልደብቅም።