የቅዳሜው ሸርተቴ

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ላስለካላት ሮክቪል ወዳለው የስፖርት ዕቃ መደብር ይዣት ገባሁ። በሩ ሲከፈት ያ ሽታ ተቀበለኝ፤ የእርጥብ ፕላስቲክ፣ የሰው እግር፣ መንሸራተቻው ሥር የሚቀባው ሰም ሽታ። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይኸው ስንት ዓመት አልፎም ያ ሽታ ወደዚያች ቅዳሜ ይመልሰኛል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሁለት ልጆች ጋር አፓርታማ ተጋርቼ እኖር ነበር፤ ከኮሌጅ መልስ እንዲህ ባለ መደብር ጫማ እያስለካሁ እሠራለሁ። ለሠራተኛ የመንሸራተቻ ቦታ ቲኬት በቅናሽ ስለሚሰጠን ሁለት ዓመት ተንሸራትቼ፣ በሠፈራችን ሀበሻ መሀል የበረዶ ሊቅ ተብዬ ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ እዚያው አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ አክስቱ ቤት ያረፈ ልጅ ነው። በረዶ የሚያውቀው ፍሪዘር ውስጥ ነው።

በረዶ ላይ የተነሳሁትን ፎቶ አየና ውሰደኝ ብሎ ያዘኝ። "ሸርተቴ የልጅ ጨዋታ ነው፣ አንተ ትልቅ ሰው" ብዬ ባሾፍበትም አልለቅ አለ። ገና የታኅሣሥ መጀመሪያ ነበር። ፔንሲልቫኒያ ያለው ተራራ አንዲት ተዳፋት ብቻ፣ እሷኑም በማሽን በተረጨ በረዶ ሸፍኖ መክፈቱ ነው።

"ጥር ይሻላል፤ አሁን በረዶው ስስ ነው፣ ለጀማሪ አይሆንም" አልኩት።

"ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ ቅዳሜን ኦፍ ወስጃለሁ። ለእናቴም ፎቶ እልክልሻለሁ ብያታለሁ" አለኝ።

እናቱን በስልክ አውቃቸዋለሁ። እሁድ እሁድ በካርድ ሲደውልላቸው ስፒከሩን ይከፍተዋል፣ እሳቸውም በአካባቢው ያለነውን ሁሉ ይመርቁናል። ስለ ጉዞው ሲነግራቸው "ያ የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ አጠገብህ አለ?" አሉ። አለሁ እማማ አልኳቸው። "ልጄን ቁልቁል ልታንከባልለው ነው አሉ። አደራህን፤ እንደወሰድከው መልሰው።" ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም እሺ አልኳቸው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለሁ አክስቱ ደወሉልኝ። "አጠገብህ ሰው አለ?" አሉ። ጫማዎቹ ወደሚቀመጡበት ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

"እናቱ ሰኞ ሌሊት አርፋለች። ልቧን ድንገት ብሏት ነው። ትናንት ተቀበረች" አሉኝ። ብዙ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር። "እሱ አልሰማም። አጎቱ ዓርብ ማታ ከአትላንታ ይገባል፤ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ያረዱታል።"

"ታዲያ ጉዞውን ካንስል ላድርገው?"

"እንዳታደርገው! ከቀረ ሥራ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ማን ምን እንደሚለው አይታወቅም። ቅዳሜ ቤት የሚገኘው ባንተ ነው። ልክ እንደምትሄዱ ሆነህ አቆይልኝ።"

አየህ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በሥራ ቦታም አይነገርም። ሰው ቤቱ ሳለ፣ በማለዳ፣ ሲወድቅ የሚደግፈው ሰው ከቦት ነው የሚረዳው። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን ሆዴ ውስጥ ይዤ ከባለ ሐዘኑ ጋር ስቄ አላውቅም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላልና በእነዚያ ቀናት ቢራ በአፌ አልዞረም።

ሐሙስን ሙሉ ሲደውልልኝ ዋለ። ጓንቱ ውኃ ያስገባል? ስወድቅ በየት በኩል ነው የምነሳው? ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍት ላይ ስወጣ ጫማውን አወልቃለሁ? ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ከጥያቄው በፊት ድምፁን ነበር የማዳምጠው፤ ሰምቶ ይሆን እያልኩ። ስቆ ሲጀምር እፎይ እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ እፎይታዬ ራሱ ያሳፍረኛል።

ዓርብ ከሥራ መልስ ሜትሮ ባቡር ቀያይሮ ጫማ ሊለካ እኔ ዘንድ መጣ። ጫማውን አጠለቅሁለትና ምንጣፉ ላይ እንዴት እንደሚቆም አሳየሁት። "ጣቶችህን ወደ ውስጥ ግጠም፣ ተረከዝህን ክፈት። እንደ ፒዛ ቁራሽ።" ጉልበቱን አጥፎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ ቆመ። "እንዲህ?" ይላል። ደስታው ፊቱ ላይ ሲበራ ማየት አቃተኝና ጎንበስ ብዬ የጫማውን ማጥበቂያ ደጋግሜ ሳብኩ። "እግሬን አነቅኸው እኮ" አለኝ።

በዚህ መሀል የአክስቱ ማኅበርተኛ የሆኑ ሴትዮ ገቡ። ካፖርት ፍለጋ ነው የመጡት። ሲያዩት ክው አሉ። አቅፈው ሳሙት፣ ስመውም አልለቅ አሉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከጀርባው ሆኜ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ደነገጡና ለቀቁት። "ቀጥነሃል ልጄ፣ ብላ እንጂ" ብለው እንባቸውን በስካርፋቸው እየጠረጉ ምንም ሳይገዙ ወጡ።

"ምን ሆነው ነው?" አለኝ።

"ልጃቸው ኮሌጅ ሄዶባቸው ሆድ ብሷቸው ይሆናል" አልኩት። ያ ውሸት ከየት እንደመጣልኝ እግዜር ይወቀው።

መኪናዬ ውስጥ ስንገባ የስልክ ካርዱን አወጣ። "ሳትመርቀኝ አልሄድም" አለ። እዚያ ሌሊት ነው፣ ተኝተዋል፣ አትቀስቅሳቸው አልኩት። "ለእኔ ትነሳለች" አለና ደወለ። ጥሪው ከመኪናው ማሞቂያ ድምፅ በላይ ይሰማኝ ነበር። እዚያ ቤቱ በሚያድር ለቀስተኛ እንደተሞላ፣ ስልኩን እንዳያነሱ እንደተነገራቸው ከአክስቱ ሰምቻለሁ። ሁሉም ስልኩን ሲያዩት ታየኝ። እሱ እስኪቋረጥ ጠበቀ። "በቃ፣ ከበረዶው ላይ ሆኜ እደውልላታለሁ" ብሎ ካርዱን ኪሱ ከተተው።

አሌክሳንድሪያ ሳደርሰው አክስቱ ምድጃው ላይ ትልልቅ ድስት ደርድረው ምስርና ጎመን ይሠሩ ነበር። "ለሁለት ሰው ጉዞ ይሄ ሁሉ?" አላቸው። "ብርድ ያስርባል" አሉት ቀና ሳይሉ። ሽንኩርት እየከተፉ ስለነበር ዓይናቸው ለምን እንደቀላ አልጠየቃቸውም። እኔ ቶሎ ተሰናብቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ይዤ ወረድኩ። እንዲጠራጠር አይፈለግምና መንሸራተቻዎቹን እንኳ መኪናዬ ላይ አስሬ ነበር። የአፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ መብራታቸውን ያጠፉ መኪኖች ቆመዋል፤ መስኮታቸው ከውስጥ በትንፋሽ ደፍርሷል። ስደርስ በሮቹ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ ተከፈቱ። አጎቱ፣ ቄሱ፣ ጥቁር ነጠላ ያጣፉ ሴቶች። "አንተ ቅደም፣ የሚጠብቀው አንተን ነው" አሉኝ።

በሩን ገና ሳንኳኳ ከፈተው። ወፍራሙን ሱሪ ለብሷል፣ ጓንቱን አጥልቋል፣ የበረዶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። "አረፈድክ" አለኝ እየሳቀ። ከዚያ ዓይኑ ትከሻዬን አልፎ ሄደ። ጎሕ ሲቀድ ደጅ ላይ የተሰበሰበ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ለሀበሻ ማንም አያስተምረውም።

አጎቱ "ልጄ፣ እስቲ ግባና ቁጭ በል" ብለው ሊጀምሩ ነበር። እሱ ግን እኔን ነበር የሚያየው።

"እናቴ ናት?" አለኝ።

ቃሉ የሽማግሌዎቹ ነበር። የጠየቀው ግን እኔን ነው። አዎ አልኩት።

ደረቱን ሲመታ ጓንቱ ድምፁን ዋጠው። ሴቶቹ እየጮኹ ገቡ፤ አክስቱም ከጓዳ ወጥተው ተቀበሏቸው። እኔ ከጎኑ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጓንቱን አወለቅሁለት፤ እጁን እንደ ሕፃን ሰጠኝ። እናቱን በጣም ነበር የሚወዳቸው። እኔም በስልክ ብቻ ለማውቃቸው ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

አልተቀየመኝም። ከዓመታት በኋላ ራሱ አነሳውና "ብቻህን ተሸክመኸው ሰነበትክ" ብሎ አዘነልኝ። ሸርተቴውን ግን ሁለታችንም ዳግመኛ አላነሳነውም።

ዛሬም አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፤ አግብቶ ወልዷል። ቤቱ ስሄድ በሩን ይከፍትና መጀመሪያ የሚያየው እኔን አይደለም። ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ ኮሪደሩን ያያል፤ ሰው አለመኖሩን ሲያይ ነው ስቆ የሚያቅፈኝ። የሚያደርገውን የሚያውቀው አይመስለኝም። እኔ ግን አውቃለሁ። ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ስመጣ እንኳ ታች መኪናው ውስጥ ትንሽ እንዲቆዩ አደርግና ቀድሜ እወጣለሁ። ደረጃው ላይ ሆኜም፣ ገና በሩን ሳላንኳኳ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ብቻዬን ነኝ" እለዋለሁ።