የቪጄንደር አባት

ፉልዋቲ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሆዷን ባዶ ያደረገችው ለሟች ባሏ ነው፤ ጊታ የተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ በሚከበርበት በዓል ዕለት የጾሙትን ጾም ለሞተ ሰው ቢሰጡት ነፍሱ ታርፋለች ይባላል። ችግሩ ጾሙ አልነበረም። ችግሩ ልጇ ቪጄንደር ነው። «አራት ሰዓት ላይ ኩሬው ዳር እገኛለሁ» ብሏት አሁን ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። በዓሉ የሚቆጠረው በጨረቃ ነው፤ የጨረቃ ቀን ደግሞ እንደ ሰው ቀን አይደለም፤ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው የከርሞው ነው።

ደወለችለት።

«እማ፣ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶታል። ትልቅ ሰው ሊያልፍ ነው።»

«ትናንትም ትልቅ ሰው አለፈ! ስንት ትልቅ ሰው ነው ያለው እዚህ አገር?»

«ምን ላድርግ? ትራክተር ላይ ነኝ፤ አልበር ነገር!»

«በእግርህ ና!»

«ትራክተሩንስ ለማን ልተወው?»

«ለትልቁ ሰው ተውለት!» ብላ ዘጋችበት።

ልጇን የፈለገችው ለአንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ጾሙን ለሟቹ ለሚያስተላልፈው ካህን የአባቱን ስም እንዲናገርላት። በእነ ፉልዋቲ መንደር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ከጠራች ዕድሜው ያጥራል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ «ይሰሙኛል?» እና «የቪጄንደር አባት» እያለች ኖራለች። ሐኪም ቤት ስሙን ሲጠይቋት ጎረቤት ጠርታ ታስነግር ነበር እንጂ እሷ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

አንድ ጊዜ ብቻ ይህ ነገር አዋርዷታል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚሁ በዓል ላይ ባሏ ከሕዝቡ መሐል ጠፋባት። የጠፋ ሰው በድምፅ ማጉያ ወደሚያስጠሩበት ድንኳን ሄዳ «የቪጄንደር አባት በሉልኝ» አለች። አሉላት። ሰባት ሰው መጣ፤ የእሷ ግን የለም። ለካ እሱ ኩሬው ዳር ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስሜ ይጠራል ብሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ኖሯል። ስታገኘው ቅዝቃዜው አንዘፍዝፎታል። «ምን አለ፣ አንድ ቀን እንኳ ብትጠሪኝ!» አላት። እሷም «ለእርስዎ ዕድሜ ብዬ አይደለም እንዴ!» ብላ ጮኸችበት፣ እስከ ቤታቸውም ተኳርፈው ሄዱ።

ዕድሜው ግን አልረዘመም። አምና ክረምት ለሚያልባቸው ጎሾች መኖ ሲያጭድ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ። ፉልዋቲ አለቀሰች፤ ከለቅሶው በታች ግን ንዴት ነበረባት። የገባችውን ውል ጠብቃለች፤ ያኛው ወገን ነው ያፈረሰው።

ኩሬው ደረጃ ላይ ከተሰለፈው ሕዝብ መሐል ተራዋ ደረሰና ካህኑ ፊት ተቀመጠች። ድምፅ ማጉያው ላይ እልፍ ተማሪ ቅዱሱን መጽሐፍ በአንድ አፍ ያነበንባል፤ ካህኑም እየጮኸ ነበር የሚያወራው። የሟቹ ስም ሲጠራ የሚፈሰውን ውሃና ሰሊጥ መዳፏ ላይ አደረገላት።

«ለማን ነው ጾሙ?»

«ለቪጄንደር አባት።»

«ስሙን ነው የጠየቅኩዎት።»

«ልጄ እየመጣ ነው፣ እሱ ይነግርዎታል።»

«እናቴ፣ ቀኑ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ይጻፉልኛ!»

«ፊደል አልቆጠርኩም።»

በአንድ እጇ ስልኳን አወጣች፤ ቪጄንደር ለካህኑ በስልክ ይንገረው ብላ ነበር። መስመሩ በሕዝቡ ብዛት ተጨናንቆ እንቢ አላት። ውሃው በጣቶቿ መሐል ይንጠባጠባል። ካህኑ ጨመረላት፤ እሱም ፈሰሰ።

«እትዬ፣ ወይ ይጥሩት ወይ ይነሡልን!» አለች ከኋላዋ ያለች ሴት። «እኛም ሙታን አሉን!»

«በባሌ ዕድሜ አታስቸኩይኝ!» አለቻት ፉልዋቲ።

«ባልዎ ሞተዋል አይደል እንዴ?»

እውነትም ሞቷል። ታዲያ ፉልዋቲ የማንን ዕድሜ ነው የምትጠብቀው? አርባ አንድ ዓመት ያፈነችውን ስም ለካህኑ ልትነግር አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን ጩኸት ነበር።

«ሐርፉል! ሐርፉል!»

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ።

ከታች፣ ከውሃው ዳር፣ ፎጣ ትከሻው ላይ የጣለ አንድ ሽማግሌ ቀና ብሎ «ማነው የጠራኝ?» እያለ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ካህኑ እንኳ ሳቀ። ፉልዋቲ አልሳቀችም። ሰውዬው አጭር፣ ጥርሱ የረገፈ፣ ባሏን በምንም የማይመስል ነው፤ እሷ ግን እስኪደርስ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

«እርስዎን አይደለም» አለችው። «የእኔን ነው።»

ሽማግሌው ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተመለሰ። ካህኑ ውሃ ሞላላት፤ ስሙን ደግማ ጠርታ አፈሰሰችው።

ቪጄንደር እያለከለከ የደረሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ትራክተሩን ጥሎ በእግሩ መጥቷል።

«እማ! ስሙን ልንገራቸው?»

«ጠራሁት።»

እሷ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ያኔ ባሏ ሦስት ሰዓት የጠበቀበት ደረጃ ላይ።

«ለካ አንድ ጊዜ መጥራት ይበቃ ነበር» አለች። «ወዲያው ነው አቤት የሚባለው።»